የጎደለችው «ታ»

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ የእናት አባት ስሙን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም «አራት ነጥብ» ነው የሚሉት። ሙያው አራሚ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀይ ቢክ ይዞ የሰው ስህተት ሲለቅም የኖረ፣ ዓረፍተ ነገር ሳይዘጋ ሲያልፍ ካየ ምሳው የማይዋጥለት ሰው። ማሽኒስቱ «ይሄ ሰውዬ ሲሞት መጀመሪያ መቃብሩ ላይ የተጻፈውን አርሞ ነው የሚተኛው» እያለ ያስቅበት ነበር፤ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። እትዬ ከሞተች ወዲህ ግን ሳቁ ከጥርሱ አያልፍም።

እትዬ ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፣ እሷ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ሞልቷት ነበር። አጥባ፣ አብልታ፣ ተቆጥታ ያሳደገችው እሷ ናት። ሥራዋ የስልክ ማዞሪያ ላይ ነበር። ሠላሳ ዓመት ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ «ማን ልበል?» ስትል ኖራ፣ ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ በር ሲንኳኳ «ማን ልበል?» ነበር የምትለው። ትዳር አልያዘችም። እሱ ሲያገባ ሙሽሪትን «እሱን ስትወስጂ እኔም ከነኮተቴ ምራቂ ነኝ» ብላ አሳቀቻትና የቤቱን የኋላ ክፍል ያዘች። ሁለቱ ሴቶች ተዋደዱ፤ እንዲያውም ሲተባበሩበት መድረሻ ያጣ ነበር።

ስኳር የያዛት ሃምሳ ዓመት ሳይሞላት ነው። መጀመሪያ በክኒን፣ ኋላም በኢንሱሊን ያዘችው። ጠዋትና ማታ የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ትወጋና «ትንኟ ነከሰችኝ፣ ምግብ አቅርቡ» ትላለች። ለአሥራ አንድ ዓመት ክኒንም ሆነ መርፌ አንድም ቀን አልዘለለችም።

የዘለለችው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ሆዷን አሟት ስታስመልስ አድራ ነበር። አራሚው አንድ እጁን ኮቱ ውስጥ እንደከተተ፣ ሌላውን እጅጌ እየፈለገ ሊሰናበታት ወደ ክፍሏ ብቅ አለ።

«ምንም እህል አፌ አልገባም» አለችው። «ምን ይሻለኛል? ልወጋው ወይስ ይቅር?»

«ኧረ በባዶ ሆድሽ! ካልበላሽማ አቋርጪው እንጂ። ስኳሩ ወርዶ ትወድቂብናለሽ። ሲሻልሽ ትቀጥያለሽ።»

ይህን ብሎ ወጣ። የሰርቪስ መኪናው ሊያመልጠው ነበር። ነገሩን ከማንም አልጠየቀውም፤ ሲያስበው ልክ ስለመሰለው ብቻ ነው የተናገረው። እሷም እሺ ብላ ማክሰኞ ጠዋትን ዘለለች፣ ማታውን ዘለለች፣ ረቡዕ ጠዋትንም እንዲሁ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ደውላ አስጠራችው። ሲደርስ እትዬ ተኝታ ነበር፣ ትንፋሿ ግን ዳገት ሮጦ የወጣ ሰው ትንፋሽ ነበር፤ ከሆድ ተስቦ የሚመጣ፣ ጥልቅ፣ የማያርፍ። ክፍሉ ከርሞ እንደተበላሸ ፍራፍሬ ይሸታል።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ ቆጣ ብሎ ነበር የጠየቀው። «መርፌውን ካቋረጠች ስንት ጊዜዋ ነው? ሰውነት ሲታመም ስኳሩ ሳይበላም ይወጣል። ማነው አቋርጪ ያላት?»

አራሚው ወለሉን አየ። «እንጃ» አለ።

እትዬ የኦክስጅን ጭንብል ለብሳ ዓይኗን ገልጣ ነበር። አየችው። ዓርብ ረፋዱ ላይ ሞተች።

ትንፋሿ ግን አልሞተም። ሐዘንተኛው ተበትኖ ሥራ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ደረጃውን ወርዶ ወደ ማሽን ክፍሉ ሲገባ ሰማው። ትልቁ ማተሚያ ወረቀት ስቦ ሲያስገባና ሲተፋ የሚያወጣው ድምፅ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሰምቶት ልብ ያላለው ድምፅ፣ የእሷ ትንፋሽ ሆኖ ቁጭ አለ። ይስባል፣ ይተፋል፤ ይስባል፣ ይተፋል። ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ታች መውረድ ተወ። የታተመው የመጀመሪያ ቅጠል መታየት ሲኖርበት ረዳቱን ይልካል። ረዳቱ ረቂቁን ጮክ ብላ የምታነብለት፣ እሱ ደግሞ ፕሩፉን፣ ማለትም የሙከራ ሕትመቱን፣ በዓይኑ የሚከተልላት ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ናት፤ በማተሚያ ቤቱ አጠራር አንባቢዋ።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ጥላዋ መጣ። በግራ ዓይኑ ጥግ በኩል ጥቁር ነገር ውልብ ይላል፤ ልክ እትዬ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርገው የነበረውን ጥቁር ሻርፕ ይመስላል። ዞር ሲል የለም። ፊቱን ሲመልስ ደግሞ አለ። መጀመሪያ ላይ በድንጋጤ ክው ይል ነበር፤ እያደር ግን ለመደው። በር ላይ ሲደርስ እሷ እንድታልፍ በግራ በኩል ቦታ ይለቃል። ሚስቱ አንድ ቀን «ለማነው የምትጠጋው?» ብላው «ለማንም» አላት።

ጥሙም አብሮ መጣ። ውኃ እንደ ጉድ ይጠጣል፣ እንደጠጣ ሽንት ቤት ይሮጣል። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ፊደሎቹ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ የወደቁ ይመስል ይዋኙበታል፤ በአንድ ዓመት መነጽሩን ሁለቴ ቀየረ፣ ሁለቱም አልያዘለትም። ሚስቱ ሽንት ቤቱ ጥግ ጉንዳን ተሰልፎ ባየች ጊዜ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን እናውቀዋለን እኮ። ነገውኑ ትመረመራለህ።»

«ሙቀቱ ነው» አላት።

አልነበረም፤ እሱም ያውቃል። አሥራ አንድ ዓመት ከበሽታው ጋር አንድ ጣሪያ ስር የኖረ ሰው ስኳር ሲመጣ ኮቴውን አይስትም። ሁለት ነገር ግን እግሩን አስሮታል። አንደኛው፣ ክሊኒክ ቢሄድ «ከቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ? ምን ሆነች?» መባሉ አይቀርም፤ ያንን ጥያቄ አንዴ «እንጃ» ብሎ መልሶታል፣ ሁለተኛ እንጃ የሚል አፍ አልነበረውም። ሁለተኛው ለሰው የሚነገር አይደለም። በልቡ እትዬ የመጣችው ልትወስደው ይመስለዋል፤ ብትወስደውም አይፈረድባትም ይላል። ስለዚህ እንዳሻው ይጠጣል፣ ይበላል። ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ለስላሳ መጠጥ ይደረደራል።

በዚህ መሀል ነው ያ ትንሽ መጽሐፍ ለሕትመት የመጣው። ሠላሳ ሁለት ገጽ፣ ለስኳር ሕሙማን በነጻ የሚታደል፣ ከፍ ያለ ስኳርን እንዴት ዝቅ ማድረግ እንደሚቻል የሚያስረዳ። ርዕሱን ሲያይ ለሌላ አራሚ ሊያሳልፈው ቃጣው፤ ምን ብሎ? ቁጭ አለ፣ ቢኩን ከፈተ። አንባቢዋ ረቂቁን ይዛ ጀመረች። ስለ ምግብ አነበበች፣ ስለ እንቅስቃሴ፣ ስለ እግር ጥንቃቄ። እሱ እየተከተለ እዚህ ነጠላ ሰረዝ፣ እዚያ የተደገመ ቃል ሲያነሳ ቆየ። ገጽ ሃያ አንድ ላይ ደረሱ።

«ሌላ ሕመም ይዟችሁ ምግብ መብላት ቢያቅታችሁ ኢንሱሊን አታቋርጡ፤ አራት ነጥብ» አለች አንባቢዋ፣ ሥርዓተ ነጥቡን ጭምር እየጠራች። «ስኳራችሁን ቶሎ ቶሎ ለኩ፤ ውኃ ጠጡ፤ ካስመለሳችሁ ሳትዘገዩ...»

ቢኩ ወረቀቱ ላይ ቆመ። በግራው በኩል ሻርፑ ውልብ አለ። ይህን ጊዜ እንደ ወትሮው አላለፈም፤ ትከሻው አጠገብ ቆሞ አብሮት የሚያነብ መሰለው።

«ጋሼ፣ ምነው? ልድገመው?»

«አይ... ቀጥይ።»

ቀጠለች። እሱ ግን ከዚያች መስመር አልተነቃነቀም። ዓይኑ ገጹ ላይ ነው፣ የሚያየው ኮቱን፣ አንዱን ባዶ እጅጌ፣ የእትዬን የደረቀ ከንፈር ነው። የመጨረሻው ገጽ ሲያልቅ እጁ በልማድ ጥግ ላይ «ይታተም» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ።

በማግስቱ አንባቢዋ ጥርሷን ልታስነቅል ሄዳ አልነበረችም። አራት ሰዓት ላይ ማሽኒስቱ ከታች ተጣራ። «አራት ነጥብ! የመጀመሪያውን ቅጠል የሚያይልኝ ሰው አጣሁ እኮ! ግማሽ ሰዓት ጠብቄ አስነሳሁት፣ አሁንስ ትወርዳለህ ወይስ በገመድ ላውርድህ?»

የሚልከው ሰው ስላልነበረ ወረደ። በሩን ሲከፍት ትንፋሹ ተቀበለው። ይስባል፣ ይተፋል። ግድግዳውን ደገፍ ብሎ ቆየና ከተከመረው ላይ አንድ ቅጠል አንስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ማየት የነበረበት ቀለሙንና የገጹን አቀማመጥ ነው። ዓይኑ ግን የሚያም ጥርስን ምላስ እንደሚነካካው ሁሉ ያችን መስመር ፍለጋ ሄደ። ማጉያ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። ፊደሎቹ ዋኙ፣ ተጠጉ፣ ተለያዩ። አንገቱን ወደ ግራ ጠምዝዞ ጥላውን ከመስመሩ ላይ ገፋ አደረገና አነበበ።

*ኢንሱሊን አቋርጡ።*

እንደገና አነበበ። ዓይኔ ነው የበላት አለ። ቅጠሉን ለማሽኒስቱ ዘረጋለት። «እዚህ ጋ አንብብልኝ።»

«ምን ሆነሃል? ላብ አጠመቀህ እኮ።»

«አንብብልኝ ነው የምልህ!»

ማሽኒስቱ ወረቀቱን ከፍ አደረገ። «ሌላ ሕመም ይዟችሁ ምግብ መብላት ቢያቅታችሁ፣ ኢንሱሊን አቋርጡ።» ቀና ብሎ አየው። «ታዲያ ምን አለው?»

ምንም አልነበረውም። የሚጥም፣ የተስተካከለ፣ በአራት ነጥብ የተዘጋ ዓረፍተ ነገር ነበር። አንዲት ፊደል ናት የጎደለችው። አራሚው ያኔ የተረዳው እሱ ራሱ ለእህቱ የተናገራት ቃል፣ አሁን በሺህ ቅጂ እየተባዛች፣ በሺህ ቤት ሲያስመልሳቸው ላደሩ ሰዎች ልትነበብ መሆኑን ነው።

«አቁመው!» አለ። ድምፁ ለራሱ እንኳ እንግዳ ሆነበት። «ማሽኑን አቁመው! አቁመው አልኩህ!»

ማሽኒስቱ ቁልፉን መታው። ትንፋሹ አንዴ ረዘም ብሎ ተሳበና ጸጥ አለ። በማሽን ክፍሉ ውስጥ እንዲያ ያለ ዝምታ ሰምቶ አያውቅም። ግድግዳው ስር ቁልቁል ተንሸራቶ ተቀመጠ።

አለቃቸው ወርዶ መጣ፤ ሸካራ ግን ቂም የማያውቅ ሽማግሌ ነው። ፕሩፉን አስመጥቶ ከረቂቁ ጋር አስተያየው። ፕሩፉ ላይም «ታ» የለችም፤ ከስሩ ደግሞ «ይታተም» የሚለው የአራሚው ፊርማ አለ።

«አንተ?» አለ አለቃው፤ ከቁጣው ይልቅ ግራ መጋባቱ በልጦ። «አንተ እንዴት አሳለፍካት?»

«ዓይኔ አያይም።»

«መነጽር ቀይር እንጂ!»

«ሁለቴ ቀየርኩ። መነጽር አይደለም፣ ስኳር ነው።» ቃሉን ስለ ራሱ ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር። «ዓመት አልፎኛል መሰለኝ።»

«የታተመው በሙሉ ይቆረጥ» አለ አለቃው ወደ ማሽኒስቱ ዞሮ፤ «የማተሚያ ፕሌቱም ይቀየር።» ከዚያ ወደ አራሚው ዝቅ ብሎ ክንዱን ያዘው። «አንተ ደግሞ ተነስ። ክሊኒክ ካልደረስክ ነገ እዚህ በር ላይ እንዳላይህ።»

ክሊኒኩ ውስጥ ሲስተሯ ጣቱን ወግታ ደሙን ለካች። ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት አወጣ። ቅንድቧ ከፍ አለ፣ አፏ ግን አልተቆጣም።

«ከቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ?»

«እህቴ።»

«አሉ?»

«የለችም።»

ጻፈችና ወደሚቀጥለው መስመር አለፈች። ይኸው ነበር። ዓመት ሙሉ ከሞት አስበልጦ የፈራው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ እንዴት ሞቱ ያለው የለም። እንደ መገላገል ሊሰማው ሲገባ ተጥሎ እንደ መቅረት ተሰማው።

«አሁን ስሙኝ፣ ጋሼ» አለች ሲስተሯ፣ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ። «ክኒኑን ከምግብ ጋር ነው የሚውጡት፤ ሆድዎ እስኪለምደው ትንሽ ይረብሽዎታል፣ ረበሸኝ ብለው እንዳይተዉት። ለስላሳ መጠጥ ከዛሬ ጀምሮ አበቃ።»

«ጭማቂስ?»

«ፍሬውን ይብሉት እንጂ አይጠጡት። ሳህንዎን ግማሹን አትክልት ይሙሉት። ከበሉ በኋላ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይራመዱ፤ ስኳሩን እግርዎ ይብላልዎት። ማታ ማታ እግርዎን ይዩ፣ ጣትዎ መሀል ሳይቀር። ደግሞ መነጽር አሁን እንዳይቀይሩ።»

«ለምን?»

«ስኳሩ ሲወርድ ዓይንዎም አብሮ ይለወጣል። ዛሬ የተለካልዎት መነጽር ከሁለት ወር በኋላ የሰው መነጽር ይሆንብዎታል። ቀስ ይበሉ፤ በደረጃ ነው የምናወርደው፣ ከገደል አንጥለውም።» ከዚያ ፈገግታዋን ሰብሰብ አደረገች። «ያ በግራ በኩል ይታየኛል ያሉኝ ጥቁር ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። የዓይን ሐኪም በዚህ ሳምንት ያይዎታል።»

የዓይን ሐኪሙ መብራቱን አብርቶ ገባ ብሎ አየና ነገሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። ከፍተኛው ስኳር የዓይኑን ጥቃቅን የደም ሥሮች ጎድቷቸዋል። ጥላው ከእነሱ የፈሰሰ ደም ነው፤ በጨረር ሌላ እንዳይፈስ ይከላከላሉ፣ የፈሰሰው በጊዜ ይጠራል። አራሚው አመሰገነ። ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ሲቆም ልቡ ባዶ ሆነበት። እትዬ አልነበረችም ማለት ነው። ያን ያህል ጊዜ በር ላይ ቦታ ሲለቅ የነበረው ለገዛ ደሙ ነበር።

ስኳሩ ወረደ። ሦስት መቶ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ሁለት መቶ አሥር። አንዳንድ ጠዋት ያለ ምክንያት ይሸቅብና ያበሳጨዋል፤ ሚስቱ «ምን ሰረቅህ?» ትለዋለች፣ አንዳንዴም በእርግጥ ሰርቆ ይገኛል። ምሳና እራት በልተው አብረው ይራመዳሉ፤ ከቤታቸው እስከ ድልድዩ፣ ከድልድዩ እስከ ቤታቸው። በሰባተኛው ሳምንት ድልድዩ ላይ ቆሞ ከሩቅ የሚመጣውን የአውቶቡስ ቁጥር አነበበ። ሚስቱ እንደ ልጅ አጨበጨበች። ያን ዕለት የተለካው ስኳር መቶ አርባ ሁለት ነበር። ጥላውም እየሳሳ ሄዶ ክር መሰለ፣ ከዚያ የሸረሪት እግር።

ከክፉ ሁሉ የከፋው ያኔ መጣ። ጥላው በደዌ የመጣ ከሆነ በመድኃኒት ሄደ፤ ያ «እንጃ» ግን መድኃኒት አልነበረውም። ማሽን ክፍል ሲወርድ ትንፋሹ አሁንም አለ። ለዓይን ሐኪሙ ጆሮዬንም እይልኝ አይለው ነገር።

በሦስተኛው ወር ለዓይን ምርመራ ሚስቱ ይዛው ሄደች። ሐኪሙ የዓይን ብሌን የሚከፍት ጠብታ ጨመረለት፤ ሲጨርስም «ጥሩ ነው፣ ከስድስት ወር በኋላ እንገናኝ» ብሎ አሰናበተው። ከደጅ ሲወጡ ፀሐዩ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ቆመበት። መንገዱ የለም፣ መኪናው የለም፣ የሚስቱ ፊት የለም፤ ብርሃን ብቻ። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«ትንሽ እስኪያርፍልህ እንቆይ» አለች።

ፊቷ ስለማይታየው ይሆናል የደፈረው። «እትዬን መርፌሽን አቋርጪ ያልኳት እኔ ነኝ» አለ። «ያን ማክሰኞ። ኮቴን እየለበስኩ። ሐኪሙ ሲጠይቅ እንጃ አልኩት። እሷ ሰምታኛለች፤ እያየችኝ ነበር።»

ሚስቱ ተነስታ የሄደች መስሎት እጁን ዘረጋ። አጠገቡ ነበረች።

«አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «በሩ ላይ ነበርኩ። ሻይ ይዤላት እየመጣሁ።»

«ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። ልክ ነው ብዬ ነው የሰማሁት። አንተ ከወጣህ በኋላ ኢንሱሊኑን ከራስጌዋ ያነሳሁት እኔ ነኝ። እንዳያምራት ብዬ ፍሪጁ ውስጥ መልሼ ከተትኩት። ረቡዕ ጠዋት አምጪልኝ ብላኝ ነበር። ‹ቆይ እስኪ ትንሽ ቅመሽ› ብዬ ከለከልኳት።»

ጠብታው ይሁን ሌላ፣ ዓይኑ ፈሰሰ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ?»

ከፊታቸው ሰዎች ያልፋሉ፤ ኮቴያቸውን እንጂ መልካቸውን አያይም። በአንድ አልጋ ላይ ሁለት ሰው፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ፣ አንዱ ሌላውን እንዳይቀሰቅስ እየተጠነቀቀ ዓይኑን ገልጦ ሲያድር ኖሯል።

«ምን አለች?» አላት በመጨረሻ። «ያን ጊዜ፣ ከራስጌዋ ስታነሺባት፤ ምንም አላለችም?»

«ይቅርብህ።»

«ንገሪኝ።»

«እኔ እንኳ ትንሽ ፈራ ተባ ብዬ ነበር። ‹ሐኪም ብንጠይቅ ይሻል ይሆን?› አልኳት። እሷ ናት የሳቀችብኝ። ‹ተይ፣ የኔ ወንድም ስህተት አያሳልፍም› አለች።»

አራሚው ይህን አንድ ጊዜ ሰማው። ድገሚልኝ አላት። ደገመችለት። ሦስተኛ አልጠየቃትም።

ምሳ ሰዓቱ አልፎ ነበር፤ ክኒኑ ደግሞ ያለ ምግብ አይዋጥም። ሚስቱ ክርኑን ይዛ አስነሳችውና በብርሃኑ ውስጥ እየመራች ወደ ቤት ወሰደችው። ምሳ አቀረበች፤ ግማሽ ሳህን አትክልት፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ። በሉ። ክኒኑን ዋጠ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ሊራመዱ ወጡ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ እንመለስ ያለ የለም፤ አለፉት። ከዚያ በፊት ረግጠውት በማያውቁት ሰፈር፣ ጎን ለጎን፣ ሳይነጋገሩ፣ እግራቸው እስኪዝል ሄዱ።